ኮምፒዩተር ሲያንቀላፋና ሲነቃ፦ የሀርድዌር ድራይቨሮች ድርሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ ሲወጣ፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ደብረ ሲና ያደርሰዋል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከብቡታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለፈው ክረምት በዚችው ከተማ በሰነበተበት ወቅት፣ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ተማሪው ደብረ ብርሃን ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያርም ቆይቶ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል ክዳኑን ዝቅ አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ሲና ሲደርስ ክዳኑን ቢገልጠው የኃይል መብራቱ በርቷል፤ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ቁልፎቹን ቢነካካም መልስ የለም።

ተማሪው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያርም የቆየውን ምዕራፍ አንድ ጊዜም «ሴቭ» አላደረገውም። ክዳኑን ይዘጋል፤ ይከፍታል፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ የመጣበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ማጥፊያውን ተጭኜ ባጠፋው የጻፍኩት ይተርፋል ወይስ ይጠፋል?»

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የኮምፒዩተር እንቅልፍ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም በኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ ውስጥ ብዙ ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ነው። ችግሩም በአብዛኛው ያለው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማዕከል ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የሚነጋገረው «ድራይቨር» የተባለው የፕሮግራም ክፍል ላይ ነው።

የተዳፈነ እሳት

በደጋው አገር ማታ እሳት አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ፍሙ በአመድ ተሸፍኖ ያድራል፤ ጧት አመዱ ተገልጦ ጭራሮ ሲጨመርበት ወዲያው ይቀጣጠላል። ሌሊቱን ግን ጥቂትም ቢሆን እየነደደ ነው ያደረው። ፍሙ አልቆ ካደረ ደግሞ እሳት ከጎረቤት መለመን ነው።

ኮምፒዩተር «ሰስፔንድ» ተደረገ ሲባል የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ሀርድ ዲስኩ፣ የኔትወርክ ካርዱ ሁሉ ኃይል ይቋረጥባቸዋል። ራም የሚባለው ዋና ሜሞሪ ብቻ ጥቂት ኃይል እያገኘ ይቆያል። የራም እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ (ካፓሲተር) ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ማጠራቀሚያ ቻርጁን በየቅጽበቱ ያፈስሳል። በመሆኑም በተለመደው ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ ረድፍ በ64 ሚሊ ሰከንድ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነቦ እንደገና መታደስ ይኖርበታል። ኮምፒዩተሩ ሲተኛ የራሙ ቺፕ ይህን እድሳት የሚያካሂደው ከፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ነው። ፍሙ ይህ ነው። ባትሪው ካለቀ ወይም ማጥፊያው ተጭኖ ኃይሉ ከተቋረጠ በራሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ሌላም የእንቅልፍ ዓይነት አለ። የራሙ ይዘት በሙሉ ወደ ሀርድ ዲስክ ተገልብጦ ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሲከፈት ይዘቱ ከዲስክ ተመልሶ ይጫናል። ይህ «ሀይበርኔሽን» ይባላል። ከባትሪ ማለቅ ያድናል፤ ሆኖም ለመተኛትም ለመንቃትም ጊዜ ይወስዳል።

እነዚህን ደረጃዎች በስም ለይቶ የደነገገው «ኤሲፒአይ» የተባለው ስምምነት ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በጋራ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 አወጡት። በስምምነቱ መሠረት ኤስ0 የሥራ ሁኔታ፣ ኤስ3 በራም ላይ መተኛት፣ ኤስ4 በዲስክ ላይ መተኛት፣ ኤስ5 ደግሞ መጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያም እንዲሁ ከዲ0 እስከ ዲ3 የሚደርሱ ደረጃዎች ተሰጥተዋል፤ ዲ0 ሙሉ ሥራ፣ ዲ3 ደግሞ ከፍተኛው እንቅልፍ ነው።

የኤሲፒአይ ዋና ለውጥ ግን ከስያሜው ይልቅ ኃላፊነትን ማዛወሩ ነው። ከእርሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው «ኤፒኤም» በተባለው አሠራር፣ ብዙውን ሥራ የሚያከናውነው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነበር። ኤሲፒአይ ውሳኔውን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሰጠ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያውቀው በድራይቨሩ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ በድራይቨር ጸሐፊዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

እናት ከልጆቿ በኋላ ትተኛለች

ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይከናወናል? ለምሳሌነት ሊኑክስን እንውሰድ፤ የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት በመሆኑ ለትምህርት ይመቻል።

በክዳኑ መጋጠሚያ አካባቢ ያለ አነስተኛ ማብሪያ ክዳኑ መዘጋቱን ያስታውቃል። ከርነሉ በቅድሚያ ወደ ዲስክ መጻፍ ያለባቸውንና በእጁ የሚገኙትን መረጃዎች ያራግፋል። ቀጥሎ የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ሁሉ ባሉበት ያቆማቸዋል፤ ይህም ድራይቨሮች አዲስ ሥራ እንዳይጨመርባቸው ይረዳል። ከዚያ ድራይቨሮቹን በየተራ «መሣሪያህን አስተኛ» እያለ ይጠራቸዋል። በመጨረሻ ከአንዱ በስተቀር የቀሩት የፕሮሰሰር ክፍሎች ይቆማሉ፤ ራሙ ራሱን ወደ ማደስ ይገባል፤ ኃይሉም ይቋረጣል።

የተራው አጠባበቅ ዋና ነገር ነው። አንድ ፍላሽ ከዩኤስቢ ሀብ ጋር፣ ሀቡ ከዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ጋር፣ መቆጣጠሪያው ከፒሲአይ አውቶቡስ ጋር ተያይዟል። መቆጣጠሪያው ቀድሞ ቢተኛ ፍላሹ «በእጄ ያለውን ጽፌ ልጨርስ» ቢል የሚሰማው አይኖርም። ስለዚህ ከርነሉ መሣሪያዎቹን በወላጅና በልጅ ዝምድና አደራጅቶ ይይዛቸዋል። ሲተኙ ልጆች ይቀድማሉ፤ ሲነቁ ወላጆች ይቀድማሉ። በቤትም እንደምናየው እናት ከሁሉም በኋላ ተኝታ ከሁሉም በፊት ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 2.6 መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ ዛፍ ማደራጀቱ ከዓላማዎቹ አንዱ ይኸው የኃይል አስተዳደር ነበር።

አንድ ድራይቨር «ልተኛ አልችልም» ብሎ የስሕተት መልስ ከሰጠ የመተኛቱ ሂደት በሙሉ ይሰረዛል፤ ቀድመው የተኙትም ተመልሰው ይነቃሉ። ላፕቶፕ ክዳኑ ተዘግቶ በቦርሳ ውስጥ ሲግል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ሲነቁ ግን ሕጉ ይለያል፤ አንድ መሣሪያ አልነቃም ቢል ከርነሉ ስሕተቱን መዝግቦ ሌሎቹን ማንቃቱን ይቀጥላል። መልስ ሳይሰጥ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ድራይቨር ሲያጋጥም ግን ጉዞው እዚያው ላይ ይቆማል። የደብረ ሲናውን ተማሪ ያጋጠመውም ይኸው ነበር፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ድራይቨሩ የሚሠራው

አንድን የኔትወርክ ካርድ እናስብ። ካርዱ በውስጡ «ሬጂስተር» የሚባሉ ጥቂት የማስታወሻ ሥፍራዎች አሉት። አድራሻው፣ የፍጥነቱ ምርጫ፣ የመጣ መረጃ በራሙ ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ ይህ ሁሉ የተጻፈው በእነዚህ ላይ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ሬጂስተሮቹ ባዶ ይሆናሉ። ድራይቨሩ በራም ላይ ያለው ማስታወሻ ግን እንዳለ ይቀራል። ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ልዩነት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲነቃ ድራይቨሩ «ካርዱ ዝግጁ ነው» ብሎ ያምናል፤ ካርዱ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ዕለት ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ድራይቨሩ ከመተኛቱ በፊት አዲስ ሥራ መቀበሉን ያቆማል፤ የተጀመረውን ያስፈጽማል ወይም ይሰርዛል፤ በኋላ ሊያገኛቸው የማይችላቸውን የሬጂስተር ይዘቶች ወደ ራም ይገለብጣል፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ወደ ዝቅተኛ ኃይል ያወርደዋል። ሲነቃ መሣሪያው በቦታው መኖሩን ያረጋግጣል፤ እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል፤ የተቀዳውን ይመልስለታል፤ ከዚያም የሥራውን በር ይከፍታል። በወረቀት ላይ ሲጻፍ ይህን ያህል ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በጣም አደገኛው «የተጀመረውን ማቆም» የሚለው ነው። የኔትወርክ ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግሩ በራም ላይ በቀጥታ መጻፍ ይችላሉ፤ ይህ አሠራር ዲኤምኤ ይባላል። ድራይቨሩ ካርዱን በሚገባ ሳያስቆም «ተኝቷል» ብሎ የያዘውን የራም ሥፍራ ቢለቅ፣ ካርዱ ዘግይቶ የመጣ መረጃ በዚያው ሥፍራ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሥፍራው በዚያን ጊዜ ለሌላ ፕሮግራም ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ፍጹም ግንኙነት በሌለው ቦታ ስለሆነ ጥፋተኛውን ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ሌላው ወጥመድ የኢንተራፕት ነገር ነው። መሣሪያ ፕሮሰሰሩን «ጉዳይ አለኝ» ብሎ የሚጠራበት መስመር ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት መሣሪያዎች መካከል በጋራ ይሠራበታል። የድምፅ ካርዱና የኔትወርክ ካርዱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው እንበል። የኔትወርክ ካርዱ ተኝቶ የድምፅ ካርዱ ገና ሳይተኛ ጥሪ ቢመጣ፣ ከርነሉ ሁለቱንም ድራይቨሮች «የማን ጉዳይ ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። የኔትወርኩ ድራይቨር የተኛውን ካርድ ሬጂስተር ሊያነብ ሲሞክር፣ በፒሲአይ አውቶቡስ ላይ የሚመልስ ስለሌለ የሚያገኘው ቢቶቹ ሁሉ 1 የሆነ ቁጥር ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ድራይቨር ይህን «ሁሉም ዓይነት ጉዳይ በአንድ ጊዜ መጥቷል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የሌለ ሥራ ሲሠራም ይኖራል። ለዚህ ሲባል ሊኑክስ ማስተኛቱን በደረጃ ከፍሎ፣ የመጨረሻውን ደረጃ የሚያካሂደው የመሣሪያዎቹ የኢንተራፕት ጥሪ ከተዘጋ በኋላ እንዲሆን አድርጓል።

ሦስተኛው ወጥመድ ፈርምዌር ነው። ብዙ የዋየርለስ ካርዶች የራሳቸውን ፕሮግራም በውስጣቸው ይዘው አይመጡም፤ ኃይል ባገኙ ቁጥር ድራይቨሩ ከሀርድ ዲስክ አንብቦ ይጭንላቸዋል። አሁን ኮምፒዩተሩ በመንቃት ላይ ነው እንበል። የዋየርለሱ ድራይቨር ፈርምዌሩን ከዲስክ ይጠይቃል፤ ዲስኩ ግን ተራው ስላልደረሰ ገና እንደተኛ ነው፤ የዲስኩ ተራ የሚደርሰው ደግሞ የዋየርለሱ ድራይቨር ሥራውን ሲጨርስ ነው። ሁለቱ እየተጠባበቁ ይቀራሉ። መፍትሔው የሚነቃበትን ስንቅ ከመተኛት በፊት ማዘጋጀት፣ ማለትም ፈርምዌሩን አስቀድሞ በራም ላይ ማስቀመጥ ነው።

ተኝቶ ሳለ የተነቀለ ፍላሽ

ይህ ንዑስ ርእስ በተለይ ለተማሪዎች ነው፤ ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ሁሉ የቤት ሥራም፣ መጽሐፍም፣ ፊልምም የሚዘዋወረው በፍላሽ ነውና።

ኮምፒዩተር ሲተኛ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ኃይል ካጡ፣ ሲነቃ ፍላሹ ተነቅሎ እንደገና የተሰካ ያህል ይቆጠራል። በፍላሹ ላይ የተከፈተ ፋይል ካለ ግንኙነቱ ይቋረጥበታል። ሊኑክስ ይህን ለማስቀረት የቀድሞውን መዝገብ ይዞ ይቆይና፣ ሲነቃ በዚያው መሰኪያ ላይ ያለው መሣሪያ ያው መሆኑን ከመለያ ቁጥሮቹ ለማረጋገጥ ይሞክራል። መስሎ ከታየው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

አሁን አንድ ተማሪ ላፕቶፑ እንደተኛ ፍላሹን ነቅሎ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አዳዲስ ፋይሎች ጨምሮበት፣ መልሶ ሰካው እንበል። መለያው ያው ስለሆነ ድራይቨሩ ያምነዋል። ከርነሉ ግን በራሙ የያዘው የፍላሹ ማውጫ የትናንቱ ነው። በዚህ አሮጌ ካርታ እየተመራ ሲጽፍ አዲሶቹን ፋይሎች በላያቸው ላይ ሊጽፍባቸው ይችላል። ይህን ስሕተት ድራይቨሩ ሊያውቀው የሚችልበት አስተማማኝ መንገድ የለውም፤ ይህ አደጋ በራሱ በሊኑክስ ሰነድ ውስጥ በማስጠንቀቂያነት ተጽፎ ይገኛል። ፍላሽን ከማስተኛት በፊት በሥርዓቱ አስወጥቶ መንቀል ከዚህ ያድናል።

በየቁልፉ መካከል የሚያንቀላፋው ላፕቶፕ

ስለ እንቅልፍ ከተነሣ በአገራችን የታየ አንድ ታሪክ ሊታለፍ አይገባም። የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚለውን ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ኤክስኦ የተባለው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2007 በብዛት መመረት ጀመረ። በኢትዮጵያም በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 5000 የሚጠጉ ኤክስኦዎች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለዋል። ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ የታቀደው ወደ 200 ዶላር መጠጋቱ፣ የመምህራን ሥልጠናና ጥገና መጓደሉ ብዙ ተብሎለታል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የኃይል አጠቃቀሙ ነው።

ኤክስኦ 433 ሜጋ ኸርዝ የሆነ የኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋ ባይት ራም ነበረው። የታሰበው ኤሌክትሪክ በማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲሠራ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሕፃኑ አንድ ገጽ ሲያነብ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ሥራ የለም። ታዲያ ስክሪኑን ሳያጠፉ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቢያስተኙትስ? ቁልፍ ሲነካ ይነቃል፤ ፊደሉን ይጽፋል፤ ተመልሶ ይተኛል። ሕፃኑ ሊያውቅ አይገባም።

ለዚህ ሁለት ብልሃቶች ተሠሩ። ሜሪ ሉ ጄፕሰን በመሩት የስክሪን ሥራ «ዲኮን» የተባለ ቺፕ ተጨመረ። ቺፑ የራሱ አነስተኛ ሜሞሪ ስላለው የመጨረሻውን ምስል ይዞ፣ ፕሮሰሰሩ ቢተኛም ስክሪኑን ያድሳል። የዋየርለሱ ቺፕ ደግሞ የራሱ ፕሮሰሰር ስላለው ላፕቶፑ ቢተኛም የጎረቤት ላፕቶፖችን መልእክት ማሳለፉን ይቀጥላል። የማስነሻ ፈርምዌሩም በሚች ብራድሌይ በተዘጋጀው ኦፕን ፈርምዌር የተተካ በመሆኑ፣ በመንቃት ላይ የተለመደው የባዮስ ረጅም ሥራ ቀረ።

የቀረው ድራይቨር ነው። እዚያ ላይ ችግር መጣ። ሰው መዘግየት እንዳይሰማው መንቃት ከ100 ሚሊ ሰከንድ ብዙም ማለፍ የለበትም። የዋየርለሱ ቺፕ የተያያዘው በዩኤስቢ ነበር፤ የዩኤስቢ ደንብ ደግሞ አንድን መሣሪያ ለማንቃት ምልክቱ ቢያንስ ለ20 ሚሊ ሰከንድ እንዲቆይ፣ ከዚያም መሣሪያው እንዲያገግም 10 ሚሊ ሰከንድ እንዲታገሡት ያዛል። ገና ምንም ሥራ ሳይሠራ 30 ሚሊ ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ድራይቨር «ለማንኛውም» ብሎ ያስገባት ጥቂት የመጠበቂያ ጊዜ ትደመራለች። በቀን አንድ ጊዜ ለሚተኛ ላፕቶፕ 50 ሚሊ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ በየቁልፉ መካከል ለሚተኛው ግን ከባድ ነው። ከስክሪኑም በኩል ድራይቨሩ ምስሉን ከዲኮን ወደ ፕሮሰሰሩ ሲያስረክብ ስክሪኑ በሚታደስበት ክፍተት ላይ በትክክል ካልገጠመ ብልጭታ ይታያል። በዚህ ሁሉ የተነሣ የታሰበው የቅጽበት እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ የሶፍትዌር እትሞች ተሟልቶ አልደረሰም። ሀርድዌሩ ከሶፍትዌሩ ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖችም ኤስ3ን ትተው ከኤስ0 ሳይወጡ ጥልቅ እንቅልፍ የሚባለውን አሠራር ይከተላሉ። በዚህ አሠራር ኃይሉን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ አካል ስለሌለ፣ አንድ ድራይቨር ብቻ መሣሪያውን ማስተኛት ቢዘነጋ ባትሪው ሌሊቱን ያልቃል።

በጨለማ ውስጥ ስሕተት መፈለግ

ወደ ተማሪው እንመለስ። ማጥፊያውን ተጭኖ ከማጥፋት በስተቀር ምርጫ አልነበረውም። ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት ወደ ዲስክ የሚያራግፈው ፕሮግራሞች «ጻፍልኝ» ብለው የሰጡትን ነው። በጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም የግል ሜሞሪ ውስጥ ያለውን፣ ገና «ሴቭ» ያልተባለውን ጽሑፍ ግን ከርነሉ አያውቀውም። ደግነቱ የተጠቀመበት ሊብሬ ኦፊስ በየ10 ደቂቃው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮግራሙ «የተገኘ ሰነድ አለ» አለ። ከሦስቱ ቀን ሥራ የጎደለው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተቀምጦ በመጨረሻ የጻፋቸው ሁለት አንቀጾች ነበሩ። ልጁ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

ጥፋተኛውን መፈለግ ቀጠለ። ስክሪኑ ጥቁር፣ ዲስኩ የተኛ ስለሆነ የስሕተት መልእክት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሊኑክስ ለዚህ ሁለት መሣሪያዎች አሉት። አንደኛው የሙከራ ደረጃ ነው፤ ከርነሉ እውነተኛ እንቅልፍ ሳይገባ እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ሄዶ፣ 5 ሰከንድ ጠብቆ ይመለሳል። ፕሮግራሞችን ብቻ አቁሞ በሚመለስበት ደረጃ ስንሞክረው በሰላም ተመለሰ። መሣሪያዎቹን ጨምሮ በሚያስተኛው ደረጃ ስንሞክረው ግን ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ ከማዘርቦርዱ ፈርምዌር ሳይሆን ከአንዱ ድራይቨር መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ የብልህ ሥራ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2006 የጨመሩት ነው። በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ኃይል ቢቋረጥ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ በአነስተኛ ባትሪ የሚሠራው የቀንና የሰዓት ቆጣሪ። ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ ከማንቃቱ በፊት የመሣሪያውን ስም ወደ አነስተኛ ቁጥር ለውጦ በዚህ ሰዓት ላይ ይጽፈዋል። ኮምፒዩተሩ ከቆመ አጥፍቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማስነሣት ነው፤ ሰዓቱ ብዙ ሳይጓዝ ከርነሉ ቁጥሩን አንብቦ «የመጨረሻው ይህ ነበር» ይላል። ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ አልፎ አልፎ ከአንድ በላይ መሣሪያ ሊጠቁም ይችላል። በእኛ በኩል የጠቆመው አንድ ብቻ ነው፤ የዋየርለስ ካርዱን።

ያ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር የመጣ ሳይሆን ካርዱ እንዲሠራ ሲባል ከውጭ የተጨመረ አሮጌ ነበር። በነቃ ቁጥር ፈርምዌሩን ከተኛ ዲስክ ይጠይቃል፤ ይጠብቃል፤ የስክሪኑ ድራይቨር ተራው ሳይደርሰው ሁሉም ነገር ይቆማል። ተማሪው «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ተብሎ እንዲለውጥ ተመክሮ ነበር። ለጊዜው ላፕቶፑ ከመተኛቱ በፊት ድራይቨሩ እንዲወጣ፣ ከነቃ በኋላ እንዲገባ የምታደርግ አጭር ትእዛዝ ተጻፈችለት፤ ሃያ ጊዜ አስተኝተን ሃያውንም ጊዜ ነቃ። በኋላ ካርዱን በራሱ የሚያውቅ አዲስ ከርነል ሲጫን ያችም አላስፈለገችም።

ይህን ሙከራ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊያደርግ የሚፈልግ አንባቢ ሥራውን «ሴቭ» አድርጎ፣ ፍላሾቹን አስወጥቶ ይጀምር። ሊኑክስ ከተጠቀሰው ደቂቃ በኋላ በሰዓቱ ማንቂያ ራሱን እንዲያስነሣ ማዘዝ ስለሚቻል፣ አስተኝቶ ማንቃቱን ብዙ ጊዜ መደጋገም አያስቸግርም። አንዴ ነቅቶ አሥረኛው ላይ የሚቀር ድራይቨር አለና መደጋገሙ ይጠቅማል።

ደብረ ሲና ላይ በመጨረሻ የቀረን አንድ ሥራ ነበር። የላፕቶፑ ሰዓት የዋየርለሱን ቁጥር ይዞ ስለነበር ቀኑ ጭራሽ ወደማይታወቅ ዓመት ሄዷል፤ ተማሪው የጽሑፉን ፋይል ሲያየው የተጻፈበት ቀን ገና ያልመጣ ሆኖ አገኘው። ቀኑን አስተካክለን፣ አንድ ቅጂ በፍላሽ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ።